ሐዋላ፣ ሰርፍ እና አማና፦ በስቴብልኮይን ገንዘብ ስለ መላክ በሚሰጡ ፈትዋዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። ከዚህ በመቀጠል፦

«ሐዋላ» የሚለው ቃል በአገራችን ሁለት ትርጉም ይዞ ኖሯል። በባንክ መስኮትና በቤተሰብ ወግ ውስጥ ከባሕር ማዶ የሚላክ ገንዘብ ማለት ነው። ደረሳው ባቡል ሐዋላን ሲቀራ ግን ከሸይኹ የሚማረው ሌላ ነው፤ እዳን ከአንድ ሰው ዚማ ወደ ሌላ ሰው ዚማ ማዞር። የሁለቱ ትርጉሞች ልዩነት ለረጅም ጊዜ ማንንም አልጎዳም፤ ባንኩ የራሱን ሥራ፣ ኪታቡም የራሱን ሥራ ይሠሩ ነበርና። ዛሬ ግን በስቴብልኮይን የሚላክ ገንዘብ ሁለቱን ትርጉሞች አገናኝቷቸዋል። የሚላከው ነገር ራሱ የእዳ ምስክር መሆን አለመሆኑ ከፈትዋው ሥር ያለ ጥያቄ ሆኗል።

ከጂዳ፣ ከዱባይና ከዋሽንግተን ለቤተሰባቸው የሚልኩ ወንድሞችና እኅቶች «በዩኤስዲቲ ብልክ ሐላል ነውን?» እያሉ ይጠይቃሉ። የሚሰጣቸው መልስ በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው «ይህ ክሪፕቶ ነው፤ ክሪፕቶ ቁማር ነው፤ ስለዚህ ሐራም ነው» ይላል። ሁለተኛው «ይህ ዲጂታል ዶላር ነው፤ ዶላር ሐላል ነው፤ ስለዚህ ሐላል ነው» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ሙግት፣ ሁለቱም መልሶች ገንዘቡን ከላኪው እጅ እስከ ተቀባዩ እጅ ድረስ ሳይከተሉ የተሰጡ ናቸው የሚል ነው። ሁለቱም በሳንቲሙ ስም ላይ ይፈርዳሉ፤ ስሕተቱ በብዛት የሚፈጸመው ግን በስሙ ላይ ሳይሆን ገንዘቡ በሚገባበትና በሚወጣበት በር ላይ ነው።

ነገሩ በተግባር

ስቴብልኮይን ዋጋው ከአንድ የታወቀ ገንዘብ፣ በአብዛኛው ከአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል ሆኖ እንዲቆይ ታስቦ በብሎክቼይን መዝገብ ላይ የሚወጣ ዲጂታል ሳንቲም ነው። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የቴዘር ኩባንያ ዩኤስዲቲ እና በ2018 የወጣው የሰርክል ኩባንያ ዩኤስዲሲ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። አውጪው ኩባንያ ከደንበኛው ዶላር ይቀበላል፤ በልኩ ሳንቲም ያወጣለታል፤ ዶላሩን ደግሞ በባንክና በአጭር ጊዜ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነዶች ያስቀምጠዋል።

በዚህ መንገድ ገንዘብ ሲላክ አንድ ሥራ የተሠራ ይመስላል። በፊቅህ ዓይን ግን አራት ሥራዎች ተሠርተዋል። አንደኛ፣ ላኪው ሪያል ወይም ድርሃም ከፍሎ ሳንቲሙን ይገዛል። ሁለተኛ፣ ሳንቲሙን ከስልኩ ወደ ሌላ ዲጂታል ቦርሳ ያስተላልፋል። ሦስተኛ፣ አገር ቤት ያለ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የቤተሰቡ አባል ያልሆነ አሻሻጭ፣ ሳንቲሙን ተቀብሎ በብር ይለውጠዋል። አራተኛ፣ ብሩ በባንክ ሒሳብ ወይም በእጅ ለእናት ወይም ለሚስት ይደርሳል። ስለዚህ መካከል ላይ አንድ ማስተላለፍ፣ በሁለቱ ጫፍ ሁለት ሰርፍ፣ በመጨረሻም አንድ ወካላና አማና አለ። እያንዳንዱ የራሱ ሸርጥ አለው፤ የአንዱ መበላሸት በሌላው ማማር አይጠገንም።

«ክሪፕቶ ነው» በሚለው መልስ ላይ

የሚከለክሉት ወገኖች የሚመረኮዙት በታወቁ ፈትዋዎች ላይ ነው። የቱርክ የሃይማኖት ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት በ2017፣ የግብፅ ዳሩል ኢፍታ በ2018 መጀመሪያ፣ የኢንዶኔዢያ የዑለማ ምክር ቤት ደግሞ በ2021 ይህን መሰል ገንዘብ የሚመለከት ብያኔ ሰጥተዋል። የእነዚህ ብያኔዎች ዋና ትኩረት ቢትኮይንና መሰሎቹ ነበሩ። የተጠቀሱትም ምክንያቶች ግልጽ ናቸው፤ የታወቀ አውጪና ዋስ የለውም፣ ዋጋው ከልክ በላይ ይዋዥቃል፣ ለገረርና ለማታለል በር ይከፍታል የሚሉ ናቸው።

ዒላው ይህ ከሆነ፣ ብያኔውን እንዳለ ወደ ስቴብልኮይን ማዞር በኡሱል ትምህርት «ቂያስ መዐል ፋሪቅ» የምንለው ነው፤ ልዩነቱ ሳይታይ የተደረገ ቂያስ። ስቴብልኮይን የታወቀ አውጪ አለው። ያ አውጪ በሕግ አስከባሪ ትእዛዝ የአንድን ቦርሳ ሳንቲም ማገድም ይችላል። ዋጋውም የተበጀው እንዳይዋዥቅ ነው። «ሰዎች ይቋመሩበታል» የሚለው ማስረጃም ብቻውን አያቆምም፤ በድርሃምና በዲናርም ቁማር ተጫውተዋል፤ የተከለከለው ግን ቁማሩ እንጂ ድርሃሙ አልነበረም።

የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም በ2019 ዱባይ ላይ ባደረገው 24ኛ ጉባኤ ስለ ኤሌክትሮኒክ ገንዘቦች ተወያይቶ፣ በውሳኔ ቁጥር 237 ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልገው ገልጿል። የዘመኑ ታላላቅ ዑለማዎች ጥናት ይጠይቃል ያሉትን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር መዝጋት ጥንቃቄ አይደለም። ያም ሆኖ ዒላው ሲወድቅ ሙባሕነት በራሱ ይቆማል ማለት አይደለም። አንድ ዒላ በሌለበት ሌላ ሊኖር ይችላልና። ወደ ሁለተኛው መልስ የምንሻገረው በዚህ ምክንያት ነው።

«ዲጂታል ዶላር ነው» በሚለው መልስ ላይ

ሳንቲሙ ዶላር አይደለም። በዶላር ልክ በአውጪው ኩባንያ ላይ ያለ መብት ነው ቢባል ይበልጥ ይቀርባል። ይህም መብት ለሁሉም እኩል አይደለም። ቴዘር ሳንቲሙን በቀጥታ ወደ ዶላር የሚመልሰው ማንነታቸውን ላረጋገጡ ደንበኞች ሲሆን ዝቅተኛው መጠን 100,000 ዶላር ነው። ጂዳ በሰው ቤት የምትሠራ እኅት 200 ዶላር የሚያወጣ ሳንቲም ይዛ ወደ አውጪው መሄድ አትችልም። ያላት ምርጫ ሳንቲሙን በገበያ ለሌላ ሰው መሸጥ ነው። «አንዱ ሳንቲም አንድ ዶላር ነው» የሚለው ቃል ለእርሷ የሚሠራው ገበያው እስካመነበት ድረስ ብቻ ነው።

ገበያው ያላመነበትም ቀን ታይቷል። በግንቦት 2022 ቴራዩኤስዲ የተባለው፣ ከበስተጀርባው በቂ ተቀማጭ ሳይኖር በስሌት ብቻ ይቆማል የተባለ ሳንቲም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወድቆ ዋጋ አጣ። በመጋቢት 2023 የሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲዘጋ፣ ከዩኤስዲሲ ተቀማጭ ውስጥ 3.3 ቢሊዮን ዶላር እዚያ እንዳለ ታወቀ፤ የሳንቲሙም ዋጋ ለጊዜው ከ90 ሳንቲም በታች ወርዶ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአስቀማጮች ዋስትና ሲሰጥ ተመለሰ። የአሜሪካ የሸቀጦች የወደፊት ግብይት ተቆጣጣሪ ኮሚሽንም በጥቅምት 2021 ቴዘርን 41 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጣ፣ በ2016 እና በ2018 መካከል ከተመረመሩት 26 ወራት ውስጥ ኩባንያው ሙሉ ተቀማጭ የነበረው በ27.6 በመቶ ቀናት ብቻ እንደነበር አስታውቋል። ያ ያለፈ ታሪክ ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን «እኩል ዶላር አለው» የሚለው ቃል ምርመራ የሚያስፈልገው ቃል እንጂ እንደ የቂን የሚያዝ አለመሆኑን ያስተምራል።

ከዚህ የሚከብደው የሪባ ጉዳይ ነው። ተቀማጩ የሚውልበት የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ የሚከፈልበት ብድር ነው። ቴዘር ለ2024 ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ ማግኘቱን ሲያስታውቅ፣ ከዚህ ትልቁን ድርሻ የያዘው ከእነዚሁ ሰነዶች የተገኘው ገቢ ነበር። በሐምሌ 2025 የጸደቀው የአሜሪካ የስቴብልኮይን ሕግ ደግሞ አውጪዎች ለያዦች ወለድ እንዳይከፍሉ ከልክሏል። አንዳንዶች ይህን ይዘው «እንግዲህ ወለድ የለበትም» ይላሉ። ይህ ንባብ ጎዶሎ ነው። ሕጉ ያዡን ሪባ ከመብላት ጠብቆት ሊሆን ይችላል፤ የያዡ ገንዘብ ለወለድ ብድር እንዳይውል ግን አላደረገም። ያዡ ሳያውቀው አበዳሪ ሆኗል፤ ፍሬውን የሚሰበስበው አውጪው ነው። ስለዚህ ሳንቲሙን ለማሳለፊያ በተጠቀመና የወራት ቁጠባውን በእርሱ ባስቀመጠ ሰው መካከል ልዩነት ማድረግ ግድ ነው። የመጀመሪያው በመደበኛ ባንክ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ለሓጃ እንደሚጠቀም ሰው ነው። ሁለተኛው ያለ ሓጃ ገንዘቡን ለሪባ ሥራ አሳልፎ የሰጠ ነው።

ርካሽነቱ ከየት መጣ?

የመንገዱ ደጋፊዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ዋጋውን ነው። በዚህ ላይ እውነት አላቸው። የዓለም ባንክ እንደሚመዘግበው 200 ዶላር ድንበር አሻግሮ ለመላክ በዓለም አማካይ ከ6 በመቶ በላይ ይከፈላል፤ ይህም ከ12 ዶላር በላይ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግብ ወጪው በ2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ይጠይቃል። ይህ ወጪ ከድሃ ላብ የሚቆረጥ ነው፤ እንዲቀንስ መሻት ከሸሪዓ መቃሲድ አንዱ በሆነው ገንዘብን የመጠበቅ ዓላማ ውስጥ ይገባል። በብሎክቼይን ላይ ደግሞ ማስተላለፉ ራሱ እንደ መረቡ ዓይነት ከጥቂት ሳንቲም እስከ ጥቂት ዶላር ብቻ ይጠይቃል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ይፈጸማል።

ነገር ግን ይህ ቅናሽ ከአራቱ ሥራዎች የሁለተኛው ብቻ ነው። ሳንቲሙን ሲገዙ የሚከፈል ኮሚሽን አለ፤ በብር ሲለውጡም ከምንዛሬው የሚቀነስ አለ። ወደ ኢትዮጵያ በሚላከው ገንዘብ ላይ ደግሞ ሌላ መደናገር ተጨምሯል። እስከ ሐምሌ 2024 መጨረሻ ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ፣ በትይዩ ገበያ ግን ከ100 ብር በላይ ነበር። በዚያ ወቅት 200 ዶላር በባንክ 11,400 ብር ገደማ ሲሆን በሌላው መንገድ ከ20,000 ብር በላይ ይሆን ነበር። ይህን ያየ ሰው «ቴክኖሎጂው ገንዘቤን አበዛው» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ያበዛው ብሎክቼይኑ አልነበረም፤ የምንዛሬ ልዩነቱ ነው። በሻንጣ ተይዞ የመጣ የወረቀት ዶላርም ያንኑ ያህል ያወጣ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 29 ቀን 2024 ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ክፍተቱ ጠበበ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ስለዚህ በሓጃ የሚከራከር ሙፍቲ በመጀመሪያ የትኛውን ጥቅም እንደሚያወራ ይለይ፦ የማስተላለፊያ ወጪ ቅናሽን ነው ወይስ የትይዩ ገበያን ምንዛሬ? የመጀመሪያው የመረቡ ጥቅም ነው። ሁለተኛው ከሳንቲሙ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የራሱ ብያኔ ያስፈልገዋል።

የተዘነጋው በር፦ ሰርፍ

ገንዘብን በሰነድ ከአገር ወደ አገር ማሳለፍ ለፊቅሃችን እንግዳ አይደለም። ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር (ረ.ዐ.) በመካ ከሰዎች ገንዘብ እየተቀበሉ በዒራቅ ለነበሩት ወንድማቸው ለሙስዐብ ይጽፉላቸው እንደነበር፣ ሰዎቹም እዚያ ይቀበሉ እንደነበር ተዘግቧል። ዑለማዎች ይህን «ሱፍተጃ» ብለውታል። ሻፊዒዮች በብድሩ ውስጥ እንደ ሸርጥ ሲቀመጥ ከልክለውታል፤ ኢብኑ ቁዳማና ኢብኑ ተይሚያ ግን ጥቅሙ ለሁለቱም ወገን ስለሆነ ፈቅደውታል። ስለዚህ ፍጥነትና ከመንገድ አደጋ መዳን በራሳቸው ነውር አይደሉም።

ነውሩ የሚገባው ገንዘቡ በሌላ ገንዘብ ሲለወጥ ነው። ዑባዳ ኢብኑ ሳሚት (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ መሠረት ዓይነቱ ሲለያይ መበላለጥ ይፈቀዳል፤ ልውውጡ ግን እጅ በእጅ መሆን አለበት። የፊቅህ አካዳሚው በ1986 የወረቀት ገንዘቦች የወርቅና የብር ብያኔ እንዳላቸው ወሰነ። በ1990 ደግሞ በውሳኔ ቁጥር 53 ገንዘብ በደንበኛው ሒሳብ መመዝገቡ ቀብድ ሑክሚ መሆኑን አጸደቀ። በ1995 አቡ ዳቢ ላይ በውሳኔ ቁጥር 84 ሐዋላና ሰርፍ ሲጣመሩ ሰርፉ እንዲቀድም፣ ምንዛሬው በሰነድ ተረጋግጦ ማስተላለፉ እንዲከተል አሳየ። ለዛሬው ጥያቄ የሚያስፈልጉ መሠረቶች እነዚህ ናቸው፤ በሁለቱ ፈትዋዎች ውስጥ ግን ስማቸው ሲነሳ አይሰማም።

አሁን በተግባር የሚሆነውን እንይ። ላኪው ሰኞ ማታ 200 ዩኤስዲቲ ወደ አሻሻጩ ቦርሳ ይልካል። በስልክ ምንዛሬውን ይስማማሉ። አሻሻጩ «ብሩን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አስገባለሁ» ይላል። ሳንቲሙ ተላልፏል፤ ምንዛሬው ታስሯል፤ ብሩ ግን የለም። ይህ ሪባ ነሲኣ ነው። ሳንቲሙ ምን ያህል አዲስ ቢሆን ኀጢአቱ ጥንታዊ ነው። ሐላል ነው የሚለው ፈትዋ ይህን አያየውም፤ ሐራም ነው የሚለውም አያየውም። ስለዚህ የሁለቱም ወገን ተከታይ ያለ እርምት እዚያው ይቀጥላል።

ከዚህ መውጫ አለ። አንደኛው፣ ብሩ በተቀባዩ ሒሳብ በሚገባበት ሰዓት ሳንቲሙን ማስረከብ ነው። ሁለተኛው፣ ሳንቲሙን አሻሻጩ ዘንድ በአማና አስቀምጦ፣ ምንዛሬውን ብሩ በሚሰጥበት ሰዓት በዚያው ቀን ዋጋ መስማማት ነው። ይህ ከዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ሐዲስ ጋር ይሄዳል፤ በበቂዕ ግመል በዲናር ሸጠው በምትኩ ድርሃም ስለ መውሰድ ጠይቀው፣ በቀኑ ዋጋ ከሆነና በመካከላቸው ሳይፈጸም የቀረ ነገር ይዘው ካልተለያዩ ችግር እንደሌለው ተነግሯቸዋል። በሰነዱ ላይ ሙሐዲሶች የተነጋገሩበት ቢሆንም ፉቀሃዎች በስፋት ሠርተውበታል።

ለሻፊዒ መድረሳ መምህራን አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። ሳንቲሙ በአውጪው ላይ ያለ መብት ነው ካልን፣ ለአሻሻጩ መሸጡ እዳን ከባለ እዳው ውጭ ላለ ሰው መሸጥ ይሆናል። ኢማሙ ነወዊ በሚንሃጅ ይህን ሽያጭ ባጢል ያሉት ሲሆን በረውዷ ደግሞ መጽናቱን አመዝነዋል። ሁለተኛውን የሚይዝ ሰው እንኳ ሪባ ባለበት ልውውጥ ላይ በዚያው መጅሊስ መረካከብን መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ሳንቲሙን እዳ ብንለውም፣ ገንዘብ ብንለውም መንገዱ ወደ አንድ ሸርጥ ይመልሰናል፤ መዘግየት የለም።

የአገር ሕግና የአማና ጥያቄ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2022 ባወጣው ማሳሰቢያ በአገሪቱ ክፍያ የሚፈጸመው በብር መሆኑን፣ ዲጂታል ገንዘቦችንም ለክፍያ እንዳልፈቀደ አሳውቋል። «ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ፈትዋን አይመለከትም» የሚል አለ። የሕጉን ጥበብ መተቸት ይቻላል፤ ሆኖም የሚያስከትለውን ጉዳት ፈትዋ ሊዘነጋው አይችልም። ሕግ በማያውቀው መንገድ የተላከ ገንዘብ ቢጠፋ አቤት የሚባልበት በር የለም። አሻሻጩ ቢክድ ደረሰኝ የለም። ሳንቲሙ በተሳሳተ አድራሻ ወይም በተሳሳተ መረብ ቢላክ የሚመልሰው ባንክ የለም፤ ዝውውሩ አንዴ ከተመዘገበ አይሻርምና። በብዙ ወራት ድካም የተገኘ ገንዘብ እንዲህ ሲቀልጥ፣ የምትካሰው ከማን ነው? ገንዘብን ለጥፋት ማጋለጥ የተከለከለ ነው። ሙፍቲው «ሐላል ነው» ሲል ጠያቂዋ የምትሰማው «ደኅና ነው» የሚለውን ነው። ይህን እያወቀ ዝም ያለ ሰው የመልሱን ግማሽ ደብቋል።

ለኢማሞችና ለመምህራን

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት መደምደሚያ የሚከተለው ነው። መረቡ፣ እንደ ማሳለፊያ፣ በመሠረቱ ሙባሕ ነው። ሕግ በሚፈቅድበት አገር፣ ተቀማጩ በሚመረመር ሳንቲም፣ ሰርፉ እጅ በእጅ ከተፈጸመና ሳንቲሙ ለማሳለፊያ እንጂ ለማከማቻ ካልተያዘ የሚከለክል ማስረጃ አይታየኝም። ሪባ ባለበት ተቀማጭ ምክንያት ግን ከከራሀ አይወጣም፤ ከወለድ ነፃ የሆነ፣ ዋጋው የሚቀርብ መንገድ ከተገኘ እርሱ ይቀድማል። በአገራችን ባለው ሁኔታ ደግሞ በአሻሻጭ በኩል የሚደረገውን ልውውጥ ኢማም ሊያጸድቀው አይገባም፤ መዘግየቱ ሪባ፣ ዋስ ማጣቱም ገረር ያስገቡበታልና።

ጠያቂ ሲመጣ «ሐላል ነው» ወይም «ሐራም ነው» ከማለት በፊት አራት ነገር እንጠይቀው። ገንዘቡን በምን ገዛኸው? ማን ዘንድ ይቆያል፣ ለምን ያህል ጊዜ? ብሩ መቼ ይሰጣል፣ ምንዛሬውስ መቼ ታሰረ? ቢጠፋ ማንን ትይዛለህ? ጠያቂው ሦስተኛውን ጥያቄ ሲመልስ ብዙ ጊዜ ፈትዋው በራሱ ግልጽ ይሆናል።

መድረሳዎቻችን ባቡ ሰርፍንና ባቡል ሐዋላን እስከ ዛሬ በዲናርና በድርሃም ምሳሌ ያስቀራሉ። ምሳሌው ትክክል ነው፤ ደረሳው ግን ከመስጂድ ሲወጣ በስልኩ ላይ የሚያገኘው ሌላ ነው። መምህሩ በአንድ ትምህርት ላይ የሁለት መቶ ዶላርን ጉዞ ከጂዳ እስከ ደሴ ቢያስከትለው፣ ደረሳው ሸርጦቹ ሕያው መሆናቸውን ያያል። ነገ ሚንበር ላይ ሲወጣም ስለ ሳንቲሙ ስም ሳይከራከር፣ የእናቲቱ ገንዘብ በሰላምና በሐላል እጇ እንዲገባ ምን እንደሚያስፈልግ መናገር ይችላል።

ወላሁ አዕለም።